ሆድ ያባውን ራጅ ያወጣዋልን?

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ በልብ ተሸሽጎ የኖረ ነገር በመጠጥ ሰዓት መገለጡን ለማመልከት የተነገረ ነው። ዛሬ ግን «ሆድ ያባው» የሚለው ቃል እንዳለ የሚወሰድበት ጉዳይ ገጥሞናል። በላስቲክ የተጠቀለለ ኮኬይን ወይም ሄሮይን ውጠው፣ በሆዳቸው ይዘው ከአህጉር ወደ አህጉር የሚጓዙ ሰዎች አሉ። መንገዳቸውም አንዳንዴ በእኛው በቦሌ በኩል ያልፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2013 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሳኦ ፓውሎ መብረር ከጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ከደቡብ አሜሪካ ጋር በቀጥታ መስመር ተገናኝታለች። መንገድ ሲከፈት ደጉም ክፉውም ይሄድበታልና፣ ዕፅ ውጠው ቦሌ ላይ ስለተያዙ መንገደኞች የሚነገር ዜና ለጆሯችን እንግዳ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጉምሩክ ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁ አንድ ሰው ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ «ዶክተር፣ ሆድ ውስጥ ያለውን ዕፅ የሚያሳየው መሣሪያ የትኛው ነው? ስሙን ብቻ ይጻፉልኝ» አሉኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ግን ምንም አልጻፍኩም። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት በአጭሩ ልመልሰው ላቃተኝ ጥያቄ የቀረበ የዘገየ መልስ ነው። አቋሜን ግን አስቀድሜ ልግለጽ። የሰውን ሆድ በጨረር የማየት ሥራ የሆስፒታል እንጂ የአየር ማረፊያ መግቢያ በር ሥራ መሆን የለበትም። ይህን የምለውም በርኅራኄ ብቻ ሳይሆን በፊዚክስና በሒሳብ ተደግፌ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሆዱ እንነጋገር። በሕክምና መጽሔት ከተመዘገቡት የዚህ ዓይነት ታሪኮች ቀዳሚው የ1973 ነው፤ ካናዳ ውስጥ ሐሺሽ የተሞላ ኮንዶም የዋጠ ሰው አንጀቱ ተዘግቶ ሐኪሞች ዘንድ ቀረበ። ከ12 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በ1983 ከቦጎታ ሎስ አንጀለስ የገባች አንዲት ሴት ተጠርጥራ ተያዘች። ራጅ እንድትነሣ ስትጠየቅ «ነፍሰ ጡር ነኝ» አለች። እህል ሳትቀምስ፣ መጸዳጃ ቤትም ሳትሄድ 16 ሰዓት ያህል ተቀመጠች። በመጨረሻ በዳኛ ትእዛዝ ሆስፒታል ተወስዳ ስትመረመር ነፍሰ ጡር አለመሆኗ ታወቀ፤ በአራት ቀን ውስጥም 88 ጥቅል፣ በድምሩ 528 ግራም ኮኬይን ከሆዷ ወጣ። ፍርድ ቤቱ በ1985 መያዟ ተገቢ ነበር ሲል በአብላጫ ድምፅ ወሰነ፤ ሁለት ዳኞች ግን አልተስማሙም።

528ን ለ88 ስናካፍለው ለአንዱ ጥቅል 6 ግራም ይደርሰዋል። ሰውን ሊገድል የሚችለው የኮኬይን መጠን ከ1 እስከ 3 ግራም ያህል እንደሆነ ይገመታል። ስለሆነም ያቺ ሴት በሆዷ የተሸከመችው 88 ሞት ነበር ማለት ይቻላል፤ ከጥቅሎቹ አንዱ ብቻ ቢፈነዳ በቂ ነበርና። በአብዛኛው የሚዋጠው ከ50 እስከ 100 ጥቅል ሲሆን፣ ድምሩ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋል። የፈነዳው ሄሮይን ከሆነ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለው። ኮኬይን ከሆነ ግን ማርከሻ የለውም፤ ያለው ተስፋ ፈጥኖ ሆድን ከፍቶ ማውጣት ነው። እነዚህን ሰዎች በስፓኝኛም በእንግሊዝኛም «በቅሎ» ብለው ይጠሯቸዋል። በቅሎ የጳጳስና የመኳንንት መቀመጫ በነበረችበት አገር ላደግን ሰዎች ስድቡ ብዙም አይገባንም። ቁም ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ጫነኞቹ ሌሎች ናቸው፣ የሚያዘውና የሚሞተው ተሸካሚው ነው።

ራጅ የሚያየውና የማያየው

ሮንትገን በ1895 መጨረሻ የባለቤቱን እጅ በኤክስሬይ ሲያነሣ ጎልተው የታዩት አጥንቶቿና ቀለበቷ ነበሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤክስሬይ በፎቶኤሌክትሪክ ክስተት በአቶሞች የመዋጡ ዕድል ከአቶም ቁጥሩ ሦስተኛ ርቢ ጋር በሚቀራረብ መጠን ያድጋል። የአጥንት ካልሲየም የአቶም ቁጥሩ 20 ነው። ሥጋችን ግን በአመዛኙ ከሃይድሮጅን (1)፣ ከካርቦን (6)፣ ከናይትሮጅን (7) እና ከኦክሲጅን (8) የተሠራ ነው። ጨጓራን ወይም አንጀትን በራጅ ለማየት ሲፈለግ ታካሚው ባሪየም የሚጠጣውም ለዚሁ ነው፤ የባሪየም ቁጥር 56 ነውና።

ኮኬይንስ? ቀመሩ 17 ካርቦን፣ 21 ሃይድሮጅን፣ 1 ናይትሮጅንና 4 ኦክሲጅን ነው። ሄሮይንም ከእነዚሁ አራት ንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው። እንግዲህ ዕፁ የተሠራው ሰውየው ራሱ ከተሠራበት ዕቃ ነው! የአንድን ውህድ አማካይ የአቶም ቁጥር በተለመደው ስሌት ስናወጣው ውኃ 7.4፣ ኮኬይን ደግሞ 6.3 ገደማ ይሆናል። ልዩነት የለም አይባልም፤ ግን ከካልሲየም አንጻር ሲታይ ኢምንት ነው። በዚያ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሆድ ውስጥ፣ የ60 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ካላቸው 100 ፎቶኖች በቀጥታ አልፈው የሚወጡት ሁለት እንኳ አይሞሉም። የቀሩት ይዋጣሉ ወይም ይበተናሉ፤ የተበተኑትም ፊልሙን እንደ ጉም ያደበዝዙታል።

ታዲያ ጥቅሎቹ እንዴት ይታያሉ? ብዙውን ጊዜ የሚያጋልጣቸው ዕፁ ሳይሆን አየሩ ነው። በላስቲክ ላይ ላስቲክ ሲደረብ በመካከል የሚቀረው ስስ የአየር ሽፋን በራጅ ላይ ጥቁር ቀለበት ሆኖ ይወጣል። የተቋጠረው ጫፍ እጥፋቶችም አየር ስለሚይዙ እንደ ጽጌረዳ አበባ ይታያሉ። አስተላላፊዎቹ ይህን ከተረዱ ቆይተዋል፤ ዛሬ በመሣሪያ ተጠቅጥቆ፣ በብዙ ንብርብር ተለብጦ፣ አየር እንዳይኖረው ተደርጎ የሚዘጋጅ ጥቅል አለ። ጠንክሮ የተጠቀጠቀው ከውኃ በላይ እፍጋት ሊኖረው ስለሚችል ነጣ ብሎ ይታያል፤ ላላ ያለው ዱቄት ጠቆር ይላል። በዕፁ ላይ የአሉሚኒየም ወረቀት የሚጠቀልሉም አሉ፤ ራጁን እንዲጋርድላቸው መሆኑ ነው። አንድ የወጥ ቤት አሉሚኒየም ወረቀት ከ1,000 ፎቶን የሚያስቀረው አንድ ያህሉን ብቻ ስለሆነ ድካማቸው ከንቱ ነው። የፊዚክስ ትምህርት ቢከታተሉ ኖሮ ወጪውን ባዳኑ ነበር።

የባለሙያ ዓይን ግን የግድ ያስፈልጋል። ጀርመን አገር ለዶክትሬት በምማርበት ጊዜ የምርምር ቡድናችን ከአንድ ሆስፒታል የራዲዮሎጂ ክፍል ጋር ይሠራ ነበር። አንድ ማታ ተረኛው ሐኪም ሁለት የሆድ ፊልሞች መብራቱ ላይ ሰቀለና «ዕፅ የዋጠው የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በአንደኛው ላይ ሞላላ ነገሮች ተደርድረው ጉልህ ሆነው ይታያሉ፤ ሳላመነታ እሱን መረጥኩ። ለካስ የሆድ ድርቀት ያስቸገራቸው የአንድ አዛውንት ዓይነ ምድር ኖሯል። በሌላኛው ፊልም ውስጥ 40 ያህል ጥቅሎች ነበሩ፤ እኔ ግን አንዱንም አላየሁም። ስለ ኤክስሬይ እኩልታ ከሐኪሙ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር፤ ጥቅሉን ያየው ግን እሱ ነው። መሣሪያ ገዝቶ ለጥበቃ ሠራተኛ በሦስት ቀን ሥልጠና ማስረከብ ምን እንደሚያስከትል ሳስብ ያች ማታ ትታወሰኛለች።

ተራ ራጅ በሠለጠነ ዓይን ሲነበብ ከ100 ተሸካሚዎች 85 እስከ 90 ያህሉን እንደሚያገኝ የሚገልጹ የሕክምና ጽሑፎች አሉ፤ ከዚህ ዝቅ ያለ ውጤት ያገኙም አልጠፉም። ሲቲ ስካን እጅግ የተሻለ ነው፤ ሆዱን በስስ ቁራጭ ከፋፍሎ ስለሚያሳይ አንዱ ጥቅል ከሌላው ኋላ መደበቅ አይችልም። እሱም ቢሆን ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያባርረው አንዲት ትንሽ ጥቅል ጎረስ ያደረገውን ሰው ሊስት ይችላል፤ ፈሳሽ ሆኖ የተዘጋጀ ኮኬይንም ከአንጀት ፈሳሽ ጋር ይመሳሰልበታል። በምስሉ ላይ ከሚነበበው ቁጥር ተነሥቶ «ይህ ኮኬይን ነው፣ ያ ሄሮይን ነው» ማለትም አያስተማምንም፤ ቁጥሩ በንጽሕናውና በአጠቃጠቁ ይለዋወጣልና። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን በአንጀት ውስጥ ያለ አየር ድምፁን ይመልሰዋል። ኤምአርአይ የሚያየው በአመዛኙ የውኃንና የስብን ሃይድሮጅን ስለሆነ ደረቁ ዱቄት በምስሉ ላይ ባዶ ጥቁር ቦታ ሆኖ ይቀራል፤ አየርም እንዲሁ ጥቁር ነው።

ከአልማዝ ማዕድን ወደ ድንገተኛ ክፍል

እዚህ ላይ የአህጉራችንን ታሪክ ማንሣት ይገባል። የሲቲ ስካንን ሒሳብ ቀድመው ከሠሩት አንዱ አለን ኮርማክ የደቡብ አፍሪካ የፊዚክስ መምህር ነበር። በ1956 በኬፕ ታውን ግሩት ስኩር ሆስፒታል በትርፍ ሰዓቱ የፊዚክስ ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ጥያቄው ተጠነሰሰበት፤ በ1979 ከእንግሊዛዊው ሃውንስፊልድ ጋር የሕክምናን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

በዚያችው አገር የተወለደ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ታሪኩም ለጉዳያችን ይበልጥ ቅርብ ነው። ዲ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ ሠራተኞች ከማዕድኑ ሲወጡ አልማዝ ውጠው ወይም በሰውነታቸው ሸሽገው እንዳይወስዱ የሚፈትሽ የራጅ መሣሪያ አሠራ። አልማዝ ንጹሕ ካርቦን ነው፤ የአቶም ቁጥሩ ከሥጋ ያነሰ ቢሆንም እፍጋቱ ከውኃ ሦስት ተኩል ጊዜ ስለሚበልጥ ይታያል። ሠራተኛው በተደጋጋሚ ስለሚፈተሽ ጨረሩ እጅግ አነስተኛ መሆን ነበረበት። መሐንዲሶቹ መፍትሔውን በጠባብ ስንጥቅ አገኙት። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ስስ ጨረርና ከሥር ያለ ስስ መቀበያ አብረው ከራስ እስከ እግር ይንሸራተታሉ። የተበተኑት ፎቶኖች በአብዛኛው መቀበያውን ስለሚስቱ ምስሉ ባነሰ ጨረር ይጠራል፤ መላ አካልን ለማንሣት 13 ሴኮንድ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስደንቅ ነው። መሣሪያው ሎዶክስ በሚል ስም ወደ ሆስፒታል ገባና በመኪና አደጋና በጥይት የተጎዱ ሰዎችን ለመመርመር ዋለ። የኩባንያን ድንጋይ ከሠራተኛ ለመጠበቅ የተሠራው ዕቃ የቆሰለን ሰው ለማትረፍ በቃ ማለት ነው። ኋላም በስዊዘርላንድ ዕፅ በዋጡ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከሲቲ ስካንና ከተራ ራጅ ጋር ተነጻጽሯል፤ በልጦ የተገኘው ሲቲ ስካኑ ነው። ለእኔ ይህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ያን የማዕድን ሠራተኛ «ልትነሣ ትፈቅዳለህ?» ብሎ የጠየቀው ነበርን? እንጀራው በማዕድኑ በር ላይ ሳለ እምቢ ማለትስ ይችል ነበርን?

የጨረሩ ሒሳብና የበሩ ሒሳብ

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። በብዙ አየር ማረፊያዎች እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ የሚታለፍበት ሳጥን በሚሊሜትር ሞገድ ስለሚሠራ ከቆዳ በታች አያይም። ሆድን ማየት የሚችለው ሰውነትን ዘልቆ የሚያልፍ ኤክስሬይ ብቻ ነው። ለጥበቃ ተብለው የሚሠሩት የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ የሚሰጡት ጨረር ጥቂት ማይክሮሲቨርት ነው። የሆስፒታል የሆድ ራጅ 0.7 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ መደበኛ የሆድ ሲቲ ስካን ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት፣ ለዚህ ዓላማ የተቀነሰው ደግሞ 1 ወይም 2 ሚሊሲቨርት ነው። ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። ስለዚህ «ጨረሩ ይገድላል» ብሎ ማስፈራራት የእኔ ክርክር አይደለም።

የእኔ ክርክር ሌላ ነው። የጨረር ጥበቃ ሳይንስ መጠኑ አነሰ ወይስ በዛ ብሎ ከመጠየቁ በፊት «መነሣቱ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ይጠይቃል። ታካሚ ሲነሣ ጥቅሙም ጉዳቱም የራሱ ነው። ለጉምሩክ ሲባል የሚነሣ መንገደኛ ግን ጉዳቱን ተቀብሎ ጥቅሙን ለሌላ ይሰጣል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2014 ያወጣው መሠረታዊ የደኅንነት መመዘኛ ለፀረ ኮንትሮባንድ ሲባል የሰውን አካል በጨረር ማየት ተገቢ እንዳልሆነ አድርጎ ይነሣል፤ መንግሥት በልዩ ሁኔታ ምክንያቱን መርምሮ ሲፈቅድ ብቻ፣ ያውም በጥብቅ ግዴታ እንዲከናወን ይተወዋል። ማስረዳት ያለበት ፈታሹ እንጂ ተፈታሹ አይደለም ማለት ነው። በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰው አካል እንዳይበረበር ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ የበሩን ሒሳብ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። ከ1,000 መንገደኞች አንዱ ተሸካሚ ነው እንበል። መሣሪያው ከተሸካሚዎቹ 90 በመቶውን ይይዛል፤ ከንጹሐኑ 5 በመቶውን በስሕተት ይጠረጥራል። 10,000 ሰው ብናሳልፍ ከ10ሩ ተሸካሚዎች 9ኙ ይያዛሉ። ከ9,990 ንጹሐን ግን 500 ያህሉ «ሆድህ ውስጥ ነገር አለ» ይባላሉ! ከ100 ተጠርጣሪ እውነተኛው ሁለት እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ ልምድ ያላቸው መኮንኖች በጉዞ መስመር፣ በቲኬት አከፋፈል፣ በአነጋገር ለይተው 100 ሰው ቢመርጡና ከእነሱ 30ው ተሸካሚዎች ቢሆኑ፣ ያው መሣሪያ 27ቱን ይይዛል፤ በስሕተት የሚጠረጥረው 3 ወይም 4 ሰው ብቻ ነው። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከመሣሪያው በፊት የተሠራው የሰው ሥራ ነው። እኚያ የጉምሩክ ሰው የመሣሪያ ስም ሲጠይቁኝ ልነግራቸው ይገባኝ የነበረው ይህ ነበር።

«ታዲያ ያመለጡት 3ቱስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እጅግ የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው። ንጹሕ ነህ ተብሎ የተለቀቀ ወይም ወደ እስር ክፍል የተላከ ሰው ጥቅሉ ሌሊት ቢፈነዳበት ማንም አይደርስለትም። ስለዚህ ንጹሕ የሚመስል ራጅ ብርቱ ጥርጣሬን መሻር የለበትም፤ ሰውየው ሐኪም ባለበት ቦታ መቆየት አለበት። የሚሰጠውም መድኃኒት ለሐኪም የሚተው ነው። ዘይትነት ያለው ማስቀመጫ ላስቲኩን ሊያሟሽሸው ይችላል፤ በኢንዶስኮፒ ጎትቶ ማውጣትም ሊያፈነዳው ስለሚችል አይመከርም።

ምስል ከጉልበት እንደሚሻል ግን አልክድም። በተማርኩባት ጀርመን ፖሊስ ዕፅ ዋጡ ያላቸውን ሰዎች በግድ የሚያስመልስ መድኃኒት በአፍንጫ በገባ ቱቦ የሚያስወስድበት ጊዜ ነበር። በ2001 በሃምቡርግ፣ በ2005 ደግሞ በብሬመን ሁለት አፍሪካውያን ወጣቶች በዚህ ሳቢያ ሞቱ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2006 ድርጊቱ ኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝ ነው ሲል በጀርመን ላይ ፈረደ። በዚያ ጉዳይ ከሰውየው ሆድ የወጣው ዕፅ ሩብ ግራም እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ ቱቦ ጋር ሲነጻጸር አንድ ራጅ ምሕረት ነው። ተጠርጣሪው ራሱ ንጽሕናውን በፍጥነት ለማስረዳት ራጁን ሊመርጥ ይችላል፤ ሊፈቀድለትም ይገባል።

አንዳንድ የሕክምና ባልደረቦቼ «ሐኪምን ፖሊስ ልታደርገው ነው ወይ?» ብለው ወቅሰውኛል። ወቀሳው ተራ አይደለም። መልሴ ግን ሥራው ከሐኪሙ እጅ ሲወጣ ተሸካሚው ታካሚ መሆኑ ይቀራል የሚል ነው። ሐኪሙ ፊልሙን የሚያነብበው መጀመሪያ ስንት ጥቅል እንዳለ፣ የትኛው የአንጀት ክፍል እንደደረሰ፣ አንጀቱ ተዘግቶ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሁሉም መውጣታቸው የሚረጋገጠውም በቆጠራና በድጋሚ ምስል ነው።

በቅርቡ እኚያን የጉምሩክ ሰው በአንድ ስብሰባ ላይ አገኘኋቸውና ያልጻፍኩላቸውን ወረቀት ሰጠኋቸው። የመሣሪያ ስም የለበትም። አንድ ቅጽ ነው፤ ምስሉን ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ ጥርጣሬው በምን ላይ እንደተመሠረተ፣ ሰውየው ፈቅዶ ወይስ በዳኛ ትእዛዝ እንደተነሣ፣ ሴት ከሆነች የእርግዝና ምርመራ መደረጉን፣ በምትሰማው ቋንቋ መጠየቋን፣ ፊልሙን ያነበበው ሐኪም ማን እንደሆነና ሰዓቱን የሚያስሞላ። ቅጹን አጣጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ «ሌሊት ተረኛ የራዲዮሎጂ ሐኪም ከየት እናመጣለን?» አሉኝ። ጥያቄው ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር፤ እሱን ሳናወራ ስብሰባው ተጀመረ።